«ጠበል ከጀመረ አልጣለውም፤ ክኒኑን ላቁምለት?»

ጥያቄ፦ የምኖረው ባሕር ዳር ነው። የ16 ዓመት ልጄ የሚጥል በሽታ አለበት፤ ሐኪም ያዘዘለትን ፌኖባርቢታል ማታ ማታ ይውጣል። ጠበል ማስጠመቅ ከጀመርኩ 2 ወር ሆነኝ፤ ከዚያ ወዲህ አልጣለውም። አብረውን የሚጠመቁ ሰዎች «እግዚአብሔር ትናንትም ዛሬም ያው ነው፤ ክኒን መስጠትሽ ኃይሉን መጠራጠር ነው» ይሉኛል። ላቁምለት? ቢመለስበትስ የእኔ እምነት ማነስ ነው? ዘጌ ላለችው ለዑራ ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያንም ጥላ ተስያለሁ።

መልስ፦ እኅታችን፣ ክኒኑን አያቁሙ። ፌኖባርቢታል በድንገት ሲቋረጥ በሽታው ከበፊቱ ብሶ ሊመጣ ይችላል፤ አንዱ ሳያባራ ሌላው እየተከተለ የሚጥልበት ጊዜ አለ፤ ይህ ደግሞ ሊገድል ይችላል። እንዲህ ሲሆን በጠበል ቦታ «መንፈሱ ተቆጣ» ይባላል። ብዙ ጊዜ ግን ክኒኑ መቋረጡን የጠየቀ የለም።

ሰዎቹ የጠቀሱት ቃል እውነት ነው። «ኢየሱስ ክርስቶስ ትናንትና ዛሬ እስከ ለዘላለምም ያው ነው» (ዕብ. 13፥8)። ያጠፉት ከቃሉ ባወጡት መደምደሚያ ላይ ነው። የማይለወጥ ኃይል ልጁ ክኒን ስለዋጠ ያንሳል? ንጉሥ ሕዝቅያስ 15 ዓመት በዕድሜው እንደተጨመረለት ከእግዚአብሔር ዘንድ ተነግሮት ሳለ፣ ያው ነቢዩ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ በቁስሉ ላይ እንዲያደርጉለት አዟል (ኢሳ. 38)። ተስፋውም መድኃኒቱም የመጡት ከአንድ አፍ ነው። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ደግሞ ቅደም ተከተሉን ሳይቀር ያስቀምጣል፦ ስትታመም ጸልይ፣ ከኃጢአት ተመለስ፣ መሥዋዕት አቅርብ፣ ከዚያ ለባለ መድኃኒቱ ቦታ ስጠው፤ እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነውና። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስም በዘመናቸው የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ ያስተማሩት ከዚህ የወጣ አይደለም።

«ድኗል እኮ!» ለሚሉዎት ደግሞ የለምጻሞቹን ነገር ያስታውሷቸው። ጌታ ለምጻሙን ካነጻው በኋላ «ራስህን ለካህን አሳይ» ብሎ ልኮታል (ማቴ. 8፥4)። በኦሪት ሕግ የነጻው ሰው በካህን ይታያል፣ 7 ቀን ከድንኳኑ ውጭ ይቆያል፣ እንደገና ይታጠባል (ዘሌ. 14)። እግዚአብሔር ያደረገው ፈውስ ምርመራ አይፈራም። ለዚህ በሽታ ሐኪሞች በአብዛኛው ቢያንስ 2 ዓመት ሳይጥለው መቆየቱን ያያሉ፤ ከዚያም መጠኑን በሳምንታትና በወራት ቀስ እያሉ ይቀንሳሉ። 2 ወር የምስጋና ምክንያት ነው፤ ለማቆም ግን አይበቃም። በቀጠሮው ቀን ጠበል እንደሚጠመቅም ለሐኪሙ ይንገሩት፤ አይደብቁ።

እምነትዎን በተመለከተ፣ የማርቆስ ወንጌል 9 የእርስዎን ቤት የሚመስል ቤት ያሳየናል። ልጁ ወደ እሳትና ወደ ውኃ ይወድቃል፤ አባቱ «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ብሎ ይጮኻል፤ በዚህች ጎዶሎ እምነት ልጁ ተፈወሰ። በዚያ ታሪክ ርኩስ መንፈስ ነበረ። ሆኖም ማቴዎስ 4፥24 አጋንንት ያደረባቸውንና በጨረቃ የሚነሣባቸውን (የሚጥል በሽታ ያለባቸውን) ለየብቻ ይቆጥራል፤ ስለዚህ የወደቀውን ሁሉ «አጋንንት አለበት» ማለት የወንጌል ትምህርት አይደለም። ልጁን በዚህ ስም የሚጠራውን ሰው ዝም አያሰኙትም?

ቢመለስበትም ጥፋተኛ ፍለጋ አይግቡ። ያዕቆብ በሰይፍ ሲገደል ጴጥሮስ ከወኅኒ ወጣ (ሐዋ. 12)፤ የያዕቆብ እምነት አንሶ ነው የሚል አንድም አባት የለም። ጳውሎስ ስለ ሥጋው መውጊያ 3 ጊዜ ለምኖ «ጸጋዬ ይበቃሃል» ተባለ፤ ጥሮፊሞስንም ታሞ በሚሊጢን ትቶት ሄዷል (2ጢሞ. 4፥20)። የሐዋርያት ዘመንም እንዲህ ያለ ዘመን ነበር። የምንታመነው በራሱ በእግዚአብሔር ነው፤ እኛ በቆረጥንለት ቀን መልስ ያመጣል ብለን አይደለም። «በ7 ቀን ሱባኤ ካልዳነ…» ማለት ጌታ በመቅደሱ ጫፍ ላይ እንቢ ያለው ፈተና ነው።

አሁን ወደ አያያዙ። ለአጥማቂው ካህን በሽታውን አስቀድመው ይንገሩ። ልጁ ቁጭ ብሎ በጣሳ ወይም በጆግ ይጠመቅ፤ ጣና ዳር፣ ዓባይ ወይም ጥልቅ ገንዳ ውስጥ ብቻውን አይግባ፤ በውኃ ውስጥ ከጣለው በጥቂት ደቂቃ ይሰምጣል። ወደ ዘጌ በጀልባ ሲሻገሩ መንሳፈፊያ ጃኬት አልብሰው መሐል ያስቀምጡት፤ ታንኳ አይሳፈር።

እንቅልፍ ማጣት ይህን በሽታ ይቀሰቅሳል። ስለዚህ ማኅሌት አያስቁሙት፣ ሌሊት ሙሉ አያስሰግዱት። ሌሊቱን እርስዎ ይቁሙለት፤ ልጁ ማታ ውዳሴ ማርያሙን ደግሞ፣ ክኒኑን ውጦ ይተኛ። ማታ የሚዋጥ ክኒን ከረቡዕና ዓርብ ጾም ጋር አይጋጭም። የሚያስቸግረው ከቁርባን በፊት ያለው የ18 ሰዓት ጾም ነው። እሱን አስቀድመው ለንስሐ አባትዎ ያቅርቡ፤ ለሕሙም የሚፈቅዱት እርሳቸው ናቸው። በራስዎ ፈቃድ ግን አንድም ማታ አይዝለሉ።

ሲጥለው ክብሪት ለኩሶ ማሽተት፣ ጥርሱን በማንኪያ መፈልቀቅ፣ ጨምድዶ መያዝ ይቅር። ከእሳትና ከድንጋይ ያርቁት፣ በጎኑ ያስተኙት፣ ሰዓት ይያዙ። 5 ደቂቃ ካለፈ፣ ወይም ሳይነቃ ዳግመኛ ከጣለው፣ ቀጥታ ሆስፒታል ይውሰዱት። «ለማንኛውም» ተብሎ የሚታሰር ክታብም አይግባ፤ የእግዚአብሔር ኃይል አይለወጥም እያሉ ክታብ ማሰር አይገጥምም።

የዘጌን ሰዎች ልብ ይበሉ። የዘጌ ገዳም መሥራች አቡነ በትረ ማርያም በተቀበሉት ኪዳን ታምነው ምድራቸውን በበሬ አያርሱም፤ ቡናውን ግን ይለቅማሉ፣ ጌሾውን ይቆርጣሉ። በኪዳን መታመን እጅ አጣጥፎ መቀመጥ ሆኖ አያውቅም።

ስለቱ ዋጋ አይደለም፤ «ከዳነ እከፍላለሁ» የሚል ውልም አያድርጉት። የተሳሉትን መክፈል ግን ይገባል (መክ. 5፥4)። ሙሉ ፈውሱን መጠበቅ አይኖርብዎትም፤ ስለ 2ቱ ወር ምስጋና ጥላውን ለየካቲት 16 ይዘው መሻገር ይችላሉ። ብቻ ከክኒኑ ገንዘብ ቀንሰው አይግዙት። ካነሰዎት ለንስሐ አባትዎ ይንገሯቸው፤ በሻማና በጧፍ የሚጀመርበትን መንገድ ያሳዩዎታል።