ኡቡንቱህ የማያየው ካርድ

ከኮምቦልቻ አንድ ተማሪ እንዲህ ሲል ጠይቆኛል፦ «ጋሼ፣ ላፕቶፔ ዊንዶውስ ነው። ቨርቹዋልቦክስ ጭኜ ውስጡ ኡቡንቱ 22.04 አስገባሁ። ስክሪኑ ጠቦ አልሰፋ ሲለኝ ጓደኛዬ የኤንቪዲያ ድራይቨር ጫንበት አለኝ። ከኤንቪዲያ ድረ ገጽ አውርጄ ጫንኩ። ከዚያ ወዲህ ሲነሳ ጥቁር ነው። የሴሚስተሩ ሥራዬ በሙሉ እዚያ ውስጥ ነው፤ ፎርማት ላድርገው?»

አብሽር፣ ምንም ፎርማት አታድርግ። ሥራህ ዲስኩ ላይ እንዳለ ነው፤ የተበላሸው ማሳያው ብቻ ነው።

የጓደኛህ ምክር ኡቡንቱ በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ቢጫን ኖሮ ያስኬድ ነበር። አንተ ጋ ግን ኡቡንቱው ያለው ቨርቹዋልቦክስ በፈጠረው የማስመሰያ ኮምፒውተር ውስጥ ስለሆነ፣ የኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርድህን ጨርሶ አያየውም። የሚያየው ቨርቹዋልቦክስ በሶፍትዌር የሠራለትን ካርድ ነው። የካርዱን ስም ብትጠይቀው «ቪኤምዌር» ይልሃል፤ ቨርቹዋልቦክስ የቪኤምዌርን ካርድ ስለሚኮርጅ ነውና አይግረምህ። የዚህ ካርድ ድራይቨር (ካርዱን የሚያሠራው ሶፍትዌር) ደግሞ ከከርነሉ (ከኡቡንቱው እምብርት) ጋር አብሮ የመጣ ነው። አንድ ሜጋ እንኳ ዳታ ማቃጠል አያስፈልግህም ነበር። መጫኛው ራሱ «እዚህ ማሽን ላይ የኤንቪዲያ ካርድ አላገኘሁም» ብሎ ያስጠነቅቃል፤ «የስ፣ የስ» እያልክ አልፈኸው ይሆናል። እኔም ደሴ ፒያሳ ሥራ ስጀምር እንደዚሁ አልፌው አንድ ሌሊት ሙሉ ተቀጥቻለሁ።

አሁን እንመልሰው። ቨርቹዋል ማሽኑ ጠፍቶ ሳለ በቨርቹዋልቦክስ ስናፕሾት (አሁን ያለበትን ሁኔታ የሚያስቀምጥ) አንሳ፤ መብራት መሃል ላይ ቢሄድ እንኳ መመለሻ ይኖርሃል። ከዚያ አስነሳውና ስክሪኑ ሲጠቁር የቀኝ ኮንትሮልን ከኤፍ 3 ጋር ተጫን። ጽሑፍ ብቻ ያለው መግቢያ ይመጣል፤ በስምህና በፓስዎርድህ ግባ። ካልመጣ ሲነሳ ሺፍትን ይዘህ በሚወጣው ዝርዝር ውስጥ ሪከቨሪ ሞድን ምረጥ። በሱዶ (በአስተዳዳሪ ሥልጣን) «ኤንቪዲያ-አንኢንስቶል» የሚለውን ትእዛዝ ስጠው። ቀጥሎ ኢቲሲ በሚባለው ፎልደር ውስጥ፣ ኤክስ 11 ውስጥ፣ «ኤክስኦርግ ነጥብ ኮንፍ» የሚል ፋይል ካለ ስሙን ቀይረው። ብዙ ሰው ድራይቨሩን ነቅሎ ይህን ይረሳዋል። መጫኛው እዚያ ላይ «ማሳያው በኤንቪዲያ ብቻ ይሠራ» ብሎ ጽፎ ሊሆን ስለሚችል፣ ፋይሉ እስካለ ድረስ ድራይቨሩ ቢነቀልም ስክሪኑ አይመለስም። አታጥፋው፣ ስሙን ብቻ ቀይር።

ስክሪኑ ሲመለስ ወደ መጀመሪያው ችግርህ እንምጣ። ማሽኑን አጥፍተህ በቨርቹዋልቦክሱ ሴቲንግ ውስጥ ዲስፕሌይ ላይ ግባ፤ የግራፊክስ ኮንትሮለሩን «ቪኤምኤስቪጂኤ» አድርግ፣ ቪዲዮ ሜሞሪውን ወደ 128 ሜጋ ከፍ አድርግ፣ 3ዲውን ለጊዜው ዝጋው። አስነስተህ ሞጁል ለመገንባት የሚያስፈልጉትን ቢልድ-ኢሴንሻልንና የከርነልህን ሄደሮች ጫን፤ ዳታ የሚያስከፍልህ ይህ ብቻ ነው። ከላይ ካለው ዲቫይስ ሜኑ የጌስት አዲሽን (ኡቡንቱውን ከቨርቹዋልቦክስ ጋር የሚያግባባው) ሲዲውን አስገብተህ ጫን። ሲዲው ከቨርቹዋልቦክስ ጋር አብሮ ስለሚመጣ እንደገና አይወርድም። ሪስታርት ስታደርገው ስክሪኑ ከመስኮቱ ጋር ይሰፋል ይጠባል።

ፍጥነቱ ካላረካህ 3ዲውን ከፍተህ ሞክር። ከዚያ በኡቡንቱ ሴቲንግ ውስጥ «አባውት» ላይ ግራፊክስ የሚለውን አንብብ። «ኤልኤልቪኤምፓይፕ» ካለ ስዕሉን የሚሠራው ፕሮሰሰሩ ነው፤ «ኤስቪጂኤ 3ዲ» ካለ 3ዲው ሠርቷል። መስኮቶች መብለጭለጭ ከጀመሩ መልሰህ ዝጋው፤ ኮድ ለመጻፍ አያስፈልግህም። ከመስኮቱ ግርጌ አረንጓዴ ኤሊ ካየህ ግን ጥፋቱ የግራፊክስ አይደለም፤ የዊንዶውሱ ሃይፐር-ቪ (የራሱ የቨርቹዋል ማሽን ማስኬጃ) በርቶ ነው የሚያጓትተው።

ኤንቪዲያውን የፈለግከው ለማሽን ለርኒንግ ከሆነ ቨርቹዋልቦክስ አይሆንህም። ዊንዶውሱ ላይ ደብሊውኤስኤል 2 (ሊኑክስን ዊንዶውስ ውስጥ የሚያስኬደውን) ሞክር፤ ኩዳ (ስሌትን በኤንቪዲያ ካርድ የሚያሠራው) እዚያ ይሠራል። እዚያም ቢሆን የኤንቪዲያ ድራይቨር ዊንዶውሱ ላይ እንጂ ሊኑክሱ ውስጥ አይጫንም፤ ይህን ለጓደኛህም ንገረው። አልሆን ካለህ ላፕቶፑን ይዘህ ወደ ደሴ ውጣ፣ ቡና እየጠጣን እናየዋለን።