«ጀሌ»፣ «ሎሌ» ወይስ «ግብረ አበር»? የእኩይ ገጸ ባሕርይ ረዳት በአማርኛ ምን ይባላል?

ጥያቄ፦ የቪዲዮ ጌም ታሪኮችን ለወጣቶች በአማርኛ እተርካለሁ። አሁን የያዝኩት «ፋይናል ፋንታሲ 6» የተባለውን የጃፓን ጌም ሲሆን፣ በውስጡ ያለውን የንጉሠ ነገሥቱን ረዳት፣ ኬፍካን፣ ምን ብዬ እንደምጠራው ቸግሮኛል። «ጀሌ» ስለው አሳነስኩት፤ «ግብረ አበር» ስለው የፖሊስ ዜና የማነብ መሰለኝ፤ «ቀኝ እጅ» ስለው ደግሞ ያመሰገንኩት ሆነብኝ። ከዚህም ሌላ «ክፉ»፣ «ጨካኝ»፣ «እኩይ» እና «መሠሪ» ከሚሉት ቃላት እንዲህ ላለው ረዳት በእውነት የሚገባው የትኛው እንደሆነ ቢያስረዱኝ ደስ ይለኛል።

መልስ፦ የጠየቁኝ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ሰውየው በጌታው ዘንድ ስላለው ቦታ ነው፤ ሁለተኛው ስለ ልቡ ነው። ችግሩ የተፈጠረው ሁለቱን በአንድ ቃል ለመመለስ ስለፈለጉ ይመስለኛል። አማርኛ ለሌላ ሰው ያደረን ሰው የሚጠራባቸው ስሞች ብዙ ናቸው፤ ነገር ግን አብዛኞቹ የሚናገሩት ስለ ማደሩ እንጂ በማደሩ ውስጥ ስለሚሠራው አይደለም።

«ሎሌ» ለጌታ ያደረ ሰው ነው። ደግ ሎሌም ክፉ ሎሌም ስላለ ቃሉ ብቻውን ምግባርን አይመሰክርም። ለዚህ ከያዙት ታሪክ የተሻለ ማስረጃ አላገኝም። በዚያው ጌም ውስጥ ሌኦ የሚባል ጄኔራል አለ፤ እሱም እንደ ኬፍካ ለንጉሠ ነገሥት ጌስታል ያደረ፣ በዚያው ሠራዊት ውስጥ የሚያዝ ነው። ይሁን እንጂ ሌኦ ዶማ የተባለውን የጠላት አገር ግንብ ከብቦ ሳለ የሰው ሕይወት በከንቱ እንዳይጠፋ የሚጠነቀቅ፣ ጠላቶቹ እንኳ የሚያከብሩት ወታደር ነው። ሁለቱም ሎሌዎች ናቸው፤ አንዱን ከሌላው የሚለየው ግን «ሎሌ» የሚለው ቃል አይደለም።

«ጀሌ» በባሕርዩ የብዙዎች ስም ነው። አንድን ሰው ለይተን «ጀሌ» ስንለው እንኳ ከአጠገቡ እሱን የመሰሉ ብዙዎች ይታዩናል፤ ፊቱ አይለይም፤ ስሙም አይጠየቅም። ስለዚህ በጌሙ ውስጥ በየመንገዱ ለሚገጥሙት ስም የለሽ ወታደሮች ከዚህ የተሻለ ቃል የለም። ኬፍካን «ጀሌ» ማለት ግን እርስዎም እንደጠረጠሩት ስሕተት ነው፤ ጀሌ ተብሎ የተጠራ ሰው በራሱ አሳብ ክፉ ለመሥራት የሚበቃ ሆኖ አይታይምና። «ቀኝ እጅ» የመታመን ስም ስለሆነ ንጉሠ ነገሥቱ ስለ ኬፍካ ሲናገር ቢጠቀምበት ያምራል፤ የተራኪው ቃል ግን ሊሆን አይገባም።

በ«ግብረ አበር» ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ቃሉ ያለ ጥፋቱ ተጠርጥሯልና። አሠራሩ የግእዝ ነው። «ግብር» ማለት ሥራ፣ ድርጊት ነው፤ በዘርፍ አያያዝ «ግብረ» ይሆናል። ዛሬ «ግብር» ሲባል ቀድሞ የሚታሰበን ለመንግሥት የሚከፈለው ገንዘብ፣ ለሽማግሌዎቻችን ደግሞ ጌታ ለሎሌዎቹ የሚያበላው ድግስ ቢሆንም፣ የቃሉ ዋና ትርጉም ግን ሥራ ነው። «አበር» «አበረ» ከሚለው ግስ የመጣ ሲሆን፣ ይህም በግእዝ «ኀበረ» ከሚለው፣ ማለትም አንድ ሆነ፣ ተባበረ ከሚለው ጋር አንድ ዘር ነው። «ማኅበር»፣ «ኅብረት» እና «ኅብር» የተወለዱት ከዚሁ ነው። እንግዲህ «ግብረ አበር» ማለት በሥራው ያበረ ማለት ነው። ፖሊስ ቃሉን የሚጠቀምበት ይህን ትርጉም ስላገኘበት እንጂ ቃሉ በጣቢያ ስለተወለደ አይደለም።

ይህ ቃል ከ«ሎሌ» የሚለይበት ነጥብ ለጥያቄዎ መልስ ግማሹን ይሰጣል። ሎሌ ከሰው ጋር የታሰረ ነው፤ ግብረ አበር ግን ከሥራው ጋር የታሰረ ነው። ጌታው ምን እንደሚሠራ የማያውቅ ሎሌ ሊኖር ይችላል፤ ምን እንደሚሠራ የማያውቅ ግብረ አበር ግን ሊኖር አይችልም፤ ማበር ማወቅንና መፍቀድን ይጠይቃልና። ስለዚህ የእኩይ ገጸ ባሕርዩ ረዳት የጥፋቱን ዓላማ አውቆ የገባበት ከሆነ «ግብረ አበር» ለማለት አይፍሩ።

ማወቅና መፍቀድ ግን ሰውየውን ተጠያቂ ያደርጉታል እንጂ «በእውነት ክፉ» የሚያሰኙት እነሱ ብቻ አይመስሉኝም። ለእኔ ልዩነቱ የሚታየው ከትእዛዙ በሚተርፈው ላይ ነው። ረዳቱ የታዘዘውን ብቻ ካደረገ ክፋቱ ከጌታው የተቀዳ ነው፤ በትእዛዙ ላይ ከራሱ የሚጨምር፣ ወይም ሳይታዘዝ የሚያደርግ ከሆነ ግን ክፋቱ የገዛ ራሱ ሀብት ነው። የዶማን ታሪክ በዚህ ዓይን ይመልከቱት። ሌኦ በንጉሠ ነገሥቱ ተጠርቶ ከሰፈሩ ሲሄድ ኬፍካ ወደ ግንቡ የሚፈሰውን ወንዝ በመርዝ ይበክላል። ሌኦ ይህን እንደማይፈቅድ ከወታደሮቹ አንዱ ይነግረዋል፤ በግንቡ ውስጥ የራሳቸው ወገን ምርኮኞች እንዳሉም ያስታውሰዋል፤ እሱ ግን አይመለስም። ሳያን የተባለው የዶማ ጦረኛ ንጉሡን፣ ሚስቱንና ልጁን ያጣው በዚህ መርዝ ነው።

እዚህ ላይ የአማርኛ ግስ ለተራኪ የሚሰጠውን ትልቅ መሣሪያ ልብ እንዲሉልኝ እፈልጋለሁ። «መረዘ»፣ «አስመረዘ» እና «ተመረዘ» የተባሉት ሦስት ቅርጾች አንድን ድርጊት ቢናገሩም ጥፋቱን የሚጭኑት በተለያየ ትከሻ ላይ ነው። «ጌስታል የዶማን ወንዝ አስመረዘ» ብለው ከተረኩ ኬፍካ የጌታው እጅ ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ ታሪኩም ይበላሻል። «የዶማ ወንዝ ተመረዘ» ካሉ ደግሞ አድራጊው ከዓረፍተ ነገሩ ወጥቶ ያመልጣል። እውነቱን የሚይዘው «ኬፍካ ወንዙን መረዘ» የሚለው ብቻ ነው፤ «ራሱ» የሚል ቢጨምሩበትም አይበዛም። ስለ እኩይ ረዳቶች የሚተርክ ሰው ከቅጽል ምርጫው በፊት «አስ-»ን የት እንደሚያደርግ ቢጠነቀቅ ግማሹን ሥራ ጨረሰ እላለሁ።

ወደ ቅጽሎቹ እንምጣ። «ክፉ» ሰፊ ቃል ነው። «ከፋ» ከሚለው ግስ ስለሚወጣ ፈቃድ የሌለውን ነገር ሁሉ ይይዛል፤ ክፉ ሕልም፣ ክፉ በሽታ እንላለን። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. አገራችንን የመታውን ታላቅ ረኃብ አባቶቻችን «ክፉ ቀን» ብለው የጠሩት ቀኑ ሰው ሆኖ ስላሰበባቸው አይደለም። ስለዚህ «ክፉ» ትክክል ቢሆንም ብቻውን አይበቃም። «ጨካኝ» ደግሞ ስለ ልብ መጠንከር የሚናገር ነው። ጥንካሬው ሁልጊዜ ለክፋት አይውልም፤ «ጨክና ልጇን ወደ ሩቅ አገር ሰደደች» ስንል እናቲቱን እየወቀስናት አይደለም። ትእዛዝ ለመፈጸም ብሎ ልቡን ያደነደነ ወታደር ጨካኝ ሊባል ይችላል። ኬፍካ ግን የሚያደነድነው ልብ ያለው አይመስልም፤ ሥራውን የሚሠራው እየሳቀ ነውና።

«እኩይ» በቀጥታ ከግእዝ የተወሰደ ነው። ተቃራኒው «ሠናይ» ሲሆን፣ በሥነ ጽሑፍ ትምህርት «እኩይ ገጸ ባሕርይ» ማለት በታሪኩ ውስጥ የጥፋት ወገን የሆነው ማለት ነው። ይህ ስም ለጌስታልም ለኬፍካም እኩል ይሠራል፤ ስለዚህ ሁለቱን ለመለየት አይጠቅምዎትም።

የቀረው «መሠሪ» ነው፤ እኔ የምመርጥልዎትም እሱን ነው። ዛሬ «መሠሪ» ስንል በስውር የሚያሤር፣ ፊቱና ልቡ የተለያየ ሰው ማለታችን ነው። የቃሉ አባት ግን በግእዝ «መሠርይ» ነው፤ ትርጉሙም አስማተኛ፣ ጠንቋይ ማለት ሲሆን፣ መድኃኒትንም አስማትንም ከሚያመለክተው «ሥራይ» ጋር ይዛመዳል። ኬፍካ ደግሞ የንጉሠ ነገሥቱ የአስማት አዋቂ ነው፤ የአስማት ኃይል በሰው ሠራሽ መንገድ ከተሰጣቸው ሰዎች የመጀመሪያው እሱ ነበር። «መሠሪው ኬፍካ» ሲሉ ጥንታዊው ትርጉምና የዛሬው ትርጉም በአንድ ሰው ላይ ይገናኛሉ። ለተርጓሚ እንዲህ ያለ ዕድል ብዙ ጊዜ አይገኝም፤ እባክዎ አያሳልፉት።

«እብድ» የሚለውን ቃል ግን ይጠንቀቁት። ያ የአስማት ሙከራ ገና ያልተሟላ ስለነበር የኬፍካን አእምሮ እንዳናጋው በታሪኩ ይነገራል፤ ስለዚህ ቃሉ አፍ ላይ ይመጣል። ይሁንና በእኛ ቋንቋ «እብድ ነው» ማለት «አይፈረድበትም» ማለት ነው። ኬፍካ ግን ሌኦ እስኪሄድ ጠብቆ ነው መርዙን የጨመረው። ከልካዩ ዞር እስኪል የሚጠብቅ ሰው የሚያደርገው ነገር ክልክል መሆኑን ያውቃል።

ሁሉም ረዳት እንዲህ አይደለም፤ ቃሉም ከሰውየው ጋር መለዋወጥ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1995 በወጣው «ዮሺስ አይላንድ» ውስጥ ካሜክ የተባለው አስማተኛ ሕፃናቱን ማሪዮንና ሉዊጂን ሊሰርቅ ይነሣል፤ ምክንያቱም ወደፊት በወገኖቹ ላይ መከራ እንደሚያመጡ አስቀድሞ ስላየ ነው። ካሜክ ሕፃኑን ባውዘርን ያሳደገ ነው፤ «ሞግዚት» ወይም «ታማኝ ሎሌ» ቢባል ይስማማዋል፤ «መሠሪ» ማለት ግን ይበዛበታል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው «ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2» ውስጥ ያለው ማይካ ቤል ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው። በ1899 አሜሪካ በሚንከራተተው የሽፍቶች ቡድን ውስጥ የአለቃውን የደች ቫን ደር ሊንድን ጆሮ ይዞ ወደ ጥፋት ይገፋዋል፤ በስተኋላ ለአሳዳጆቻቸው ወሬ አቀባይ እንደነበረ ይገለጣል። ለእሱ «አድር ባይ» የሚለው ስም ልክ ነው። ቃሉ የመጣው «አደረ» ከሚለው ግስ ነው፤ ለጌታ ማደርን የሚነግረን ግስም ይኸው ነው። አድር ባይ ታዲያ ዛሬ ለዚህ፣ ነገ ለዚያ የሚያድር ነው። ማይካ «ግብረ አበር» አይባልም፤ ያበረበት ግብር የለውምና።

ኬፍካ በታሪኩ መጀመሪያ ላይ ሲታይ ስለ ክፋቱ የሚነግሩን ትናንሽ ነገሮች ናቸው። በፊጋሮ በረሃ ሲጓዝ ወታደሮቹን ከጫማው ላይ አሸዋ እንዲያራግፉለት ያዝዛል። በዚህ ጊዜ «ጌታዋን ያመነች በግ ላቷን ውጭ ታሳድራለች» የሚለው ተረት ይስማማዋል፤ ድፍረቱ ከጌታው የተዋሰው ነው። እርስዎም እዚህ ድረስ «የንጉሠ ነገሥቱ ሎሌ» እያሉ ቢተርኩ አይሳሳቱም። ከዶማ በኋላ «ግብረ አበር»ን ያስገቡ። በተንሳፋፊው ምድር ላይ ኬፍካ ጌታውን ሲገድል ግን ሁለቱም ስሞች ይወድቃሉ።

ለዚያ ትዕይንት የምጨምርልዎት አንድ ምክር አለኝ። አማርኛ «እርስዎ»ንና «አንተ»ን ስለሚለይ ኬፍካ ከመጀመሪያ ጀምሮ ጌስታልን «እርስዎ» ይበለው፤ ጌስታልም እሱን «አንተ»። ኬፍካ የአስማት ኃይል ምንጭ የሆኑትን የአማልክቱን ሐውልቶች ሲነካ ንጉሠ ነገሥቱ እንዲያቆም ያዝዘዋል፤ ኬፍካ አይሰማም። ንጉሠ ነገሥቱ በአስማት ሊመታው ይሞክራል፤ በሐውልቶቹ መካከል ስለቆመ አይሆንለትም። ብዙዎች «አንተ» የሚለውን ኬፍካ ጌታውን ከዚያ ከፍታ ወደ ታች ሲጥለው ያስገቡት ይሆናል። እኔ ግን ቀደም ብሎ፣ ንጉሠ ነገሥቱ «አቁም!» ባለው ቅጽበት፣ ገና እጁን ሳያነሣበት እንዲሆን እመርጣለሁ። አድማጭዎ «አንተ» የሚለውን ሲሰማ ገና ምንም ሳይደረግ ንጉሠ ነገሥቱ እንደሞተ ያውቃል።