መስመር የዘለለው ማን ነበር?

ልጆች፣ ባለፈው ሰሞን ደሴ ፒያሳ ሻይ ስንጠጣ አንዳችሁ በሲ ቋንቋ የጻፈውን ፕሮግራም ሊያሳየኝ ላፕቶፑን ወደ እኔ አዞረው። «ጋሼ፣ ቮይድ ፖይንተር ላይ 4 ስደምር በጂሲሲ ይሠራል። ጓደኛዬ በቪዥዋል ሲ ሲሞክረው ግን እምቢ አለው። ጥፋቱ የማን ነው?» ፖይንተር ማለት ዳታው ኮምፒውተሩ ማህደረ ትውስታ ውስጥ የት እንዳለ የሚጠቁም አድራሻ ነው፤ ቮይድ ሲሆን የዳታው ዓይነት አልተነገረም። ጂሲሲና ቪዥዋል ሲ ደግሞ ኮምፓይለሮች፣ ማለትም የጻፍነውን ኮድ ማሽኑ ወደሚገባው የሚተረጉሙ ናቸው።

«ያንተ» አልኩት፤ ሳቀ። እኔን ግን ሻዩ አልወርድ አለኝ።

በ1998 ዓ.ም ኮምቦልቻ ለሚገኝ አንድ መጋዘን የመኪና ሚዛን ሪፖርት የሚያወጣ ፕሮግራም ጻፍኩ። ቤቴ ደሴ ስለነበር በየጠዋቱ የሐረጎን ቁልቁለት በሚኒባስ እወርዳለሁ፤ በካፖርት ተሳፍሬ በሸሚዝ እወርዳለሁ ማለት ነው። እያንዳንዱ መዝገብ 12 ባይት ነበር፦ 4 የመኪናው ቁጥር፣ 4 ክብደቱ፣ 4 ሰዓቱ። ክብደቱን ለማንበብ ቮይድ ፖይንተሩ ላይ 4 ደመርኩ። ቤት፣ ሊነክስ ላይ፣ ሰላም ነው። ጂሲሲ ቮይድን እንደ 1 ባይት ይቆጥርልሃል። ይህ ግን የራሱ ጭማሪ ነው፤ ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው የሲ ስታንዳርድ አይፈቅድም። ቮይድ መጠን የለውማ!

መጋዘኑ ዊንዶውስ ላይ ኮምፓይለሩ «መጠኑ አይታወቅም» ብሎ ቆመ። ቸኩያለሁ። ቮይዱን ኢንት፣ ማለትም የሙሉ ቁጥር ዓይነት፣ አደረግኩት። ስህተቱ ጠፋ፤ ቡና ልጠጣ ወጣሁ።

በዚያ ማሽን ኢንት 4 ባይት ነው። ፖይንተር ላይ የደመርከው ደግሞ በዓይነቱ መጠን ይባዛል፤ ስለዚህ ኢንት ፖይንተር ላይ 4 ስትደምር 4 ጊዜ 4፣ 16 ባይት ትራመዳለህ። 12ቱን አልፈህ የሚቀጥለው መኪና ክብደት ላይ ቁጭ! እያንዳንዱ መኪና ከኋላው የቆመውን ክብደት ይዞ ወጣ። ቁጥሮቹ ደግሞ የሚያሳምኑ ናቸው፤ ዜሮ ቢሆኑ ኖሮ ያኔውኑ እነቃ ነበር።

ሚዛን ቤቱ በእጁ ደብተር የሚይዝ ልጅ ነበር። ደብተሩና ሪፖርቱ አልገጥም ሲሉ ኃላፊው ሁለታችንንም ጠራን። «ወላሂ ያየሁትን ነው የጻፍኩት» አለ ልጁ። እኔ «ኮምፒውተር አይሳሳትም፤ መስመር ዘሎ ይሆናል» አልኩ። ወደ ጭነት አወጡት። ጆንያ ተሸካሚ ሆነ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ማታ ደብተሩንና ሪፖርቱን ጎን ለጎን ዘረጋሁ። እሱ ጋ 3ኛው መስመር ላይ ያለው ክብደት እኔ ጋ 2ኛው ላይ ነው። የእሱ 4ኛ የእኔ 3ኛ ላይ። እስከ ታች ድረስ እንደዚያው። ፖይንተሩን ቻር፣ ማለትም የፊደል ዓይነት፣ አድርጌ ደመርኩ፣ ላነብ ስል ወደ ኢንት መለስኩት፤ አለቀ። ቻር የትም ቢሄዱ 1 ባይት ነው። ለኃላፊው ግን «ፕሮግራሙን አሻሽያለሁ» ብቻ አልኩት።

የዛሬ ልጆች የምትታገሉት ስህተት የሚያሳየው ቀዩ መስመር እስኪጠፋ ብቻ ነው። ኤአይ የሰጣችሁን ለጥፋችሁ ትሮጣላችሁ። እኔስ? ያለ ኤአይ ያንኑ አድርጌያለሁ። ጂሲሲን ስታስነሱ ፔዳንቲክ የሚለውን ማዘዣ ጨምሩበት፣ ቀድሞ ያስጠነቅቃችኋል። እውነቱን ለመናገር፣ ሲነዘንዘኝ እኔም አጠፋዋለሁ።

ልጁን ከዓመታት በኋላ ደሴ ሰኞ ገበያ አገኘሁት። ካልጋበዝኩህ ብሎ ጎትቶ ቡና አስቀዳልኝ። ልከፍል ስል «አብሽር፣ በኔ ነው» አለኝ። ልነግረው አፌን ከፈትኩ።

«ያ ኮምፒውተርህ ግን ደህና ነው?» አለኝ።

«ደህና ነው» አልኩት።