የአንባቢያን ጥያቄ፦ የቃኘው ዘማቾች ስም በቡሳን

ጥያቄ፦ የምኖረው ሴኡል ነው። የአያቴ ታላቅ ወንድም ኢትዮጵያ ለኮሪያ ጦርነት ከላከችው ከሁለተኛው ቃኘው ሻለቃ ጋር ዘምተው ኮሪያ ላይ ወድቀዋል። ቡሳን ባለው የተባበሩት መንግሥታት መካነ መቃብር ተቀብረው ይሆን? ሄጄ ብፈልግ አገኛቸዋለሁ?

መልስ፦ መቃብራቸው ቡሳን የለም። ይህን ሳያውቁ ከሄዱ አበባ ይዘው በረድፎቹ መካከል በከንቱ ሲመላለሱ ይውላሉ። ሥፍራው ጥር 10 ቀን 1943 ዓ.ም. ሲቋቋም ከሁሉም ግንባር የሚመጣ አስከሬን የሚያርፍበት ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ወደ 11,000 የሚጠጉ ሙታን ተቀብረውበታል። ኋላ ግን ብዙ አገሮች የየራሳቸውን ወሰዱ። ዛሬ የቀሩት 2,300 ገደማ ሲሆኑ አብዛኞቹ የእንግሊዝ፣ የቱርክ፣ የካናዳና የአውስትራሊያ ወታደሮች ናቸው። ኢትዮጵያ ግን እንደ ግሪክ፣ እንደ ታይላንድና እንደ ኮሎምቢያ አንድም ሳታስቀር ልጆቿን ወደ አገራቸው መልሳለች። ያረፉትም አዲስ አበባ በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ነው። ስለዚህ መቃብሩን ለማየት ከፈለጉ መጀመር ያለብዎ ከዚያ ነው።

ቡሳን ላይ የሚያገኙት ስማቸውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የተጠናቀቀው የመታሰቢያ ግድግዳ በ140 የእብነ በረድ ሰሌዳዎች የ40,896 ሰዎችን ስም ይዟል፤ የት እንደወደቁ ያልታወቁትም ተካተውበታል። አገሮቹ በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ስለተደረደሩ ኢትዮጵያን ከኮሎምቢያ ቀጥሎ፣ ከፈረንሳይ በፊት ይፈልጓት። በጦርነቱ የወደቁት ኢትዮጵያውያን 122 ናቸው፤ ሁሉንም ስም አንድ በአንድ ለማንበብ ብዙ ጊዜ አይፈጅም። ሌላ ሳይመለከቱ እንዲያነቧቸው እንመክራለን።

ስም ፍለጋው የሚሰናከለው በላቲን ፊደል አጻጻፍ ነው። ቀ በ«ኬ» ወይም በ«ኪው» ይጻፋል፤ ጸ እና ጠ ራሳቸውን የቻሉ ፊደል የላቸውም፤ «ገብረ» እና «ወልደ» ከሚቀጥለው ቃል ጋር ይጣበቃሉ ወይም ይለያያሉ። የውጭ አገር ጸሐፊ የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚቆጥር ተራውም ሊገለበጥ ይችላል። ከመሄድዎ በፊት የሟቹን ስም፣ የአባትና የአያት ስም፣ ማዕረጋቸውንም በወረቀት ይያዙ፤ በላቲን ፊደልም በሦስት አራት ዓይነት ይጻፉት። የዘመን አቆጣጠሩም ያሳስታል። ሁለተኛው ቃኘው ኮሪያ የገባው በ1944 ዓ.ም. ነው፤ የውጭ መዝገብ ላይ ግን መፈለግ ያለብዎ 1952 ብለው ነው። በጦርነቱ ዘመን ጽሑፎች ደግሞ ከተማዋ «ፑሳን» ነው የምትባለው።

መንገዱ ቀላል ነው። ከሴኡል በፈጣኑ ባቡር ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። ከቡሳን ጣቢያ በ1ኛው የምድር ባቡር መስመር ሶምዮን ይውረዱና ወደ ጃንግሳን በሚሄደው 2ኛ መስመር ዴዮን ድረስ ይጓዙ። በ3ኛው በር ወጥተው የሩብ ሰዓት ያህል በእግር ይሄዳሉ። ለታክሲ ሾፌር «ዩኤን ጊንዮም ጎንግወን» ይበሉት። መግቢያ አይከፈልም።

ቀን መምረጥ ከቻሉ እ.ኤ.አ. ኅዳር 11ን ይምረጡ፤ በእኛ ኅዳር 2፣ ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዓመት ደግሞ ኅዳር 1 ነው። በዚያ ቀን ልክ ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ ለአንድ ደቂቃ የሕሊና ጸሎት ይደረጋል፤ በውጭ ያሉ ዘማቾችና ቤተሰቦቻቸውም ፊታቸውን ወደ ቡሳን ያዞራሉ። አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶችዎ አብረው ሊያስቡ ከወደዱ በእነሱ ሰዓት ከሌሊቱ 11 ነው።

ቹንቾን ከተማንም አይለፉት። ቃኘው ቡሳን ላይ ከመርከብ ወርዶ ሠለጠነ እንጂ የተዋጋው በመካከለኛው ግንባር ነው። ለኢትዮጵያውያን ብቻ የቆመው ሐውልት እዚያ ጎንግጂቾን በተባለው ወንዝ ዳር ነው፤ ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1968 በተገኙበት ተመርቋል።

ጥያቄ፦ በጦርነቱ ሰሜን ኮሪያውያን ቡሳንን ይዘዋት ያውቃሉ?

መልስ፦ አያውቁም። እ.ኤ.አ. በነሐሴና በመስከረም 1950 ወደ ደቡብ ምሥራቅ ጥግ የተገፋው የደቡብ ኮሪያና የተባበሩት መንግሥታት ጦር ዙሪያዋን ተከላክሎ አስጥሏታል። መሣሪያና ስንቅ በወደቧ ሳይቋረጥ መግባቱ ነው ያዳናት። በሁለት ጊዜ፣ በጠቅላላው ለ1,023 ቀናት፣ የደቡብ ኮሪያ ጊዜያዊ ዋና ከተማ ሆናለች። ፕሬዚዳንቱ የኖሩበት ቤት አሁን ሙዚየም ነው፤ በ1ኛው መስመር ቶሶንግ ጣቢያ ይወርዱለታል፣ ሰኞ ዝግ ነው።