ስለ ትምህርት ማስረጃና ሹመት ጠይቁኝ

ባሕር ዳር ውስጥ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሰው ሀብት ክፍል 19 ዓመት ሠርቻለሁ። የሠራተኛ ማኅደር ሳገላብጥ ነው የኖርኩት። የላካችሁልኝን ጥያቄዎች እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ የፖለቲካ ሹመት ራሱ ሕገወጥ ነው እንዴ?

አይደለም። መንግሥት ፖሊሲውን የሚያስፈጽሙለትን ሰዎች ይሾማል። የፌዴራሉ አዋጅ 1064/2010 «የመንግሥት ሠራተኛ» የሚለውን ሲተረጉም ከሚኒስትር ዴኤታ ጀምሮ ወደ ላይ ያሉትን ባለሥልጣናት ለይቶ አውጥቷቸው ነበር። ለሌላው መደብ ያለው ውድድር ነው። ጣጣው የሚመጣው ሹመቱ ወደ ታች ሲወርድ ነው። ቡድን መሪውም የግዥ ኃላፊውም «የእኛ ሰው ነው» ተብሎ ሲቀመጥ።

ጥያቄ፦ ፎርጅድ ዲግሪ እንዴት ይታወቃል?

አንድ ጊዜ ማኅደር ስናጣራ አንድ ዲግሪ እጄ ገባ። ወረቀቱ ወፈር ያለ፣ ማኅተሙ ደመቅ ያለ ነው። ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በ1989 ዓ.ም. ተመርቋል ይላል። ፖሊ የምንለው የቴክኒክ ተቋምና ፔዳ የምንለው የመምህራን ኮሌጅ ተዋህደው ዩኒቨርሲቲ የሆኑት ግን በ1992 ነው። ሰውየውን ጠርቼ ዓመተ ምሕረቱን በጣቴ አሳየሁት። ላቡን ጠረገና «ልጆች አሉኝ» አለኝ። ደብዳቤውን ጻፍኩ። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም፤ ጣና ዳር ሄጄ ተቀመጥኩ።

በዓይን ብቻ ግን አትተማመኑ። ለሰጠው ተቋም ሬጅስትራር ጻፉ። መልሱንም ባለጉዳዩ በእጁ እንዲያመጣው አታድርጉ። እዚህ ላይ ነው ብዙ መሥሪያ ቤት የሚታለለው።

ጥያቄ፦ እኔ አልሠራሁትም፣ ገዝቼ ነው ያስገባሁት። እጠየቃለሁ?

አዎ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ሐሰተኛ መሆኑን እያወቀ የተገለገለበትንም ይቀጣል። ሳይደረስብህ ራስህ ተናገር፣ ወንድሜ። መጀመሪያ ግን ጠበቃ አማክር።

ጥያቄ፦ የውሃ መሐንዲስ ነኝ። አዲሱ ኃላፊያችን ሙያው አይደለም። ያላየሁትን ሥራ «አልቋል ብለሽ ፈርሚ» ይለኛል።

እህቴ፣ እንዳትፈርሚ። በቃልም አትከራከሪው። «ሥራውን በአካል ስላላየሁ ማረጋገጥ አልችልም» ብለሽ በማስታወሻ ጻፊለት። መዝገብ ቤት ቁጥር ይስጠው፤ ግልባጩን አንቺ ያዢ። እሱ ነገ ይነሳል ወይ ይዛወራል። ፊርማሽ ግን ፋይሉ ውስጥ ይቀራል። ጉድጓዱ ውሃ ባይወጣው የሚጠሩት አንቺን ነው። የቀበሌው ሴቶች ደግሞ ጀሪካን ተሸክመው ወደ ወንዝ ይመለሳሉ። የማያውቅ ሰው መሾሙ እስከዚያ ድረስ ያስከፍላል።

ጥያቄ፦ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይባል የለ?

ይባላል። አልወደውም። ልጆቻችን ፊት ባንተርተው ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ ዲግሪዬ እውነተኛ ነው፤ ግን በዘመድ ነው የተመደብኩት። ሥራውን አልችለውም።

ይህን ደፍረህ መጻፍህን አከብራለሁ። ሥልጠና ጠይቅ። ካልሆነ ወደምትችለው መደብ ዝውውር አመልክት። ከሥርህ ያለው ባለሙያ ሲያስረዳህም የገባህ አትምሰል።

ጥያቄ፦ የመውጫ ፈተናው ይህን ሁሉ አያስቀረውም?

በከፊል። ከ2015 ጀምሮ የሚመረቁትን ያጣራል። ከዚያ በፊት የገባውን ማኅደር ግን አንድ በአንድ መክፈት ነው።