ባልሳ፣ ካውያና የጣና አየር፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄዎቹ ከባሕር ዳርና ከአካባቢዋ የመጡ ናቸው። አብዛኞቹ ጠያቂዎች የያዙት 1.5 ሜትር ክንፍ ያለው፣ በባትሪ የሚሠራ፣ ባልሳ ከተባለ በጣም ቀላል እንጨት የሚገጣጠም የሞዴል አውሮፕላን መለማመጃ ኪት ስለሆነ መልሶቹ በዚያ ልክ ናቸው።

ከሽምብጥ፦ ሳጥኑን ከፍቻለሁ። ከምን ልጀምር?

ሙጫውን ተወውና ሚዛን አምጣ፤ የወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን ይበቃል። 10 ሳንቲም በ1 ሜትር፣ 2 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ቀላል የባልሳ ሉህ 24 ግራም አካባቢ ሲመዝን ከባዱ 40 ይደርሳል፤ በዓይን አይለዩም። ቀላሉ ለጅራት፣ ጠንካራውና ቀጥ ያለው ለስፓር (በክንፉ ርዝመት ለሚሄደው ዋና ዘንግ)። ሪቦቹንም (የክንፉን የጎድን አጥንቶች) መዝነህ ለግራና ለቀኝ ክንፍ እኩል አካፍል። ጅራት ላይ የተረፈ 10 ግራም ሚዛኑን ለመጠበቅ አፍንጫ ላይ ከ20 እስከ 30 ግራም እርሳስ (ከባዱን ብረት) ያስጨምራል።

ከፖሊ ግቢ፦ ጋሼ፣ ክንፉ ፕላኑ (የሥራ ሥዕሉ) ላይ እንደተሰካ ቀጥ ብሎ ነበር፤ ስፒሎቹን ስነቅል ተጠማዘዘ። ጥፋቱ የሙጫው ነው የክረምቱ?

አብዛኛውን ጊዜ የጥድፊያ ነው። ነጭ ኮላ ውሃ አለው፤ ስስ ባልሳን ያሳብጥና ሲደርቅ ይሰበስበዋል። በበጋ አንድ ሌሊት የሚበቃው በሐምሌ ሁለት ሌሊት ሊፈልግ ይችላል፤ እስከዚያ ስፒል አይነቀልም። ሱፐር ግሉ ግን የሚጠነክረው በእርጥበት ስለሆነ በክረምት ይፈጥናል፤ ክዳኑ ተከፍቶ ከቆየ ጠርሙሱ ውስጥም ይደርቃል።

በላይኛውና በታችኛው ስፓር መካከል የምትገባዋን ስስ ባልሳ ደግሞ ተመልከት። የእንጨቱ መስመር ቆሞ እንጂ ተጋድሞ መግባት የለበትም፤ ከተጋደመ ክንፉ ጭነት ሲበዛበት ትሰነጠቃለች። የምትለጠፈውም ክንፉ ጠረጴዛው ላይ ተሰክቶ ሳለ ነው። እሷና የፊት ጠርዙ የባልሳ ሽፋን ከተዘጉ በኋላ ጥመቱ አብሮ ይታሰራል። ሁለቱን ክንፎች የሚያገናኘውን ኮምፔንሳቶ በ30 ደቂቃ በሚጠነክር ኢፖክሲ (ሁለት ፈሳሾች ተደባልቀው የሚሠራ ሙጫ) አጣብቅ፤ የ5 ደቂቃው ማዕዘኑን ለክተህ እስክታስተካክል አይጠብቅህም።

ከዚያው ግቢ፦ ከፍታው ለውጥ ያመጣል?

ያመጣል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ግድም ላይ ናት፤ አየሯ ከባሕር ወለሉ ከ16 እስከ 20 በመቶ ይሳሳል። ስለዚህ ያው አውሮፕላን ያለ መውደቅ የሚበርበት ዝቅተኛ ፍጥነት በ10 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ መንደርደሪያውም ይረዝማል። ለኤሌክትሪክ ሞተር ፕሮፔለሩን ከ10 በ5 (ዲያሜትሩና በአንድ ዙር የሚራመደው፣ በኢንች) ወደ 10 በ6 መቀየር ከሞተሩ ላይ የጠፋውን ጭነት ይመልሳል። ወደ 11 መዝለል ግን ጭነቱን ከመጠን በላይ ያወጣዋል። ሁሌም አምፔሩን ለክቶ መወሰን ነው።

ከጣና ክፍለ ከተማ፦ የልብስ ካውያ ለፊልሙ (በሙቀት ተጣብቆ ክንፉን ለሚሸፍነው ስስ ፕላስቲክ) ይሆናል? እኔ ስሞክር ፊልሙ እየተጨማደደ ይቃጠላል።

እንፋሎት የሌለው ከሆነ ይሆናል፤ የእንፋሎት ቀዳዳዎቹ ፊልሙ ላይ ምልክት ይተዋሉ። ችግርሽ አንዱን ሙቀት ለሁለት ሥራ መጠቀምሽ ይመስለኛል። ብዙ ፊልሞች 100 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይጣበቃሉ፣ 150 ገደማ ላይ ደግሞ ይሸበሸባሉ፤ ከዚያ የበለጠ የሚፈልጉም ስላሉ ማሸጊያውን አንብቢ። በተራፊ ባልሳ ላይ ሞክረሽ ሳይሸበሸብ የሚጣበቅበትን ቦታ ካውያው ላይ በእስክርቢቶ አመልክቺ። ከታች የጥጥ ካልሲ ቢለብስ አይጭርም።

ከዚያ በፊት ክንፉን በቁጥር 220፣ ቀጥሎ በቁጥር 320 ብርጭቆ ወረቀት አለስልሺና አቧራውን አልኮል በነካ ጨርቅ ጥረጊ። አቧራ ላይ ምንም አይጣበቅም። አንድ ጥቅል 2 ሜትር በ60 ሳንቲም ከሆነ ለክንፉ ልክ ይበቃል፦ 85 በ30 የሆኑ አራት ቁራጮች።

መጀመሪያ የታችኛው ይሸፈናል፣ ከዚያ የላይኛው፤ መደራረቢያው 6 ሚሊሜትር ያህል ይሁን። በርዝመቱ ወጥረሽ ሁለቱን ጫፎች ያዢ፣ ቀጥሎ የፊትና የኋላ ጠርዙን፤ መሃሉን አትንኪ። ዙሪያው ከተያዘ በኋላ ሙቀቱን ጨምረሽ ከላይ ጥቂት፣ ከታች ጥቂት እያፈራረቅሽ ወጥሪ። አንዱን ወገን ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ ክንፉን ይጠመዝዘዋል። በጠንካራ ባልሳ ላይ አረፋ ከተነሣ በስፒል ወግተሽ ከመሃል ወደ ጠርዝ ተጫኚ።

ቀድሞ ጥቂት የተጠማዘዘ ክንፍ፣ እንደ ፖሊው ልጅ፣ እዚህ ላይ ይታረማል፦ ሌላ ሰው ጥመቱን አሳልፎ በተቃራኒው ይጠምዝዝ፣ አንቺ ፊልሙን አሙቂ፣ እስኪቀዘቅዝም አይለቀቅ። ጫፉ ላይ የኋላ ጠርዝ 4 ሚሊሜትር ያህል ከፍ ቢል፣ ሁለቱም ክንፎች እኩል እስከሆኑ ድረስ፣ ጥሩ ነው። ዝቅ ካለ ግን በዝግታ ሲበር ጫፉ ቀድሞ ይወድቃል።

ፊልም ውድ ነው፤ በፌስታል ብሸፍነውስ?

አይሆንም። ሙጫ የለውም፣ ካውያ ያቀልጠዋል፣ ክንፉንም ከመጠማዘዝ አይጠብቀውም። ለትንሽ አውሮፕላን ስስ የሞዴል ወረቀት በቀጠነ ኮላ ይሻላል፤ ውሃ ሲረጭበት እየደረቀ ይወጠራል፣ ከላይ ግን ቫርኒሽ ይፈልጋል።

ከዘጌ፦ እዚህ ዛፍ እንጂ ሜዳ የለም። ከሐይቁ ላይ ማስነሣት ይቻላል?

ይቻላል፣ ለመጀመሪያ በረራ ግን አይመከርም። በጎማ ፈንታ የሚገጠሙት የተንሳፋፊዎቹ ርዝመት ከአውሮፕላኑ ገላ 75 በመቶ ይሁን፤ ከሥራቸው ያለው እርከን (ደረጃ መሰሉ ቁርጥ) ከሚዛን ነጥቡ (አውሮፕላኑ በጣት ሲደገፍ ሳያዘነብል ከሚቆምበት ቦታ) ከ1 እስከ 2 ሳንቲም ወደ ኋላ ይዋል። ደንገል ካለበት ዳር ራቁ።

የሚዛን ነጥቡስ የት ነው? መቼ ነው የሚበረው?

ፕላኑ ካላመለከተ ከክንፉ የፊት ጠርዝ ከ25 እስከ 30 በመቶ ላይ፤ ለ25 ሳንቲም ክንፍ ከ6.3 እስከ 7.5 ሳንቲም። ባትሪው ገብቶ ይለካ፤ መጀመሪያ ባትሪውን አንቀሳቅሱ፣ እርሳስ የመጨረሻ ነው። መብረር በማለዳ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ የብስ ይነሣል። ከአየር ማረፊያው በኩል ግን በማንኛውም ሰዓት አይሞከርም፤ ሌላ ቦታም ቢሆን አስቀድሞ ፈቃድ ጠይቁ።