ፎርሙላ እየጻፉ ማክሮ ማስነሳት ይቻላል? እና ሌሎች የኤክሴል ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ፎርሙላ ጀምሬ መሃል ላይ ማክሮዬን (ኤክሴል በአንድ ትዕዛዝ የሚፈጽማቸውን ተከታታይ ሥራዎች) በአቋራጭ ቁልፉ ስጠራው ምንም አይመጣም። በሌላ ጊዜ ግን በደንብ ይሠራል። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ምንም አላጠፉም። የእኩል ምልክት ጽፈው ኢንተር እስኪጫኑ ድረስ ኤክሴል ማክሮ አያስነሳም። ያላለቀ ፎርሙላ ገና ሴሉ ውስጥ አልገባም፤ ስለዚህ ማክሮው የሚያስተካክለው ነገር የለም። ከመስኮቱ ግርጌ በግራ በኩል ያለውን ቃል ይመልከቱ። «ሬዲ» (Ready፣ ዝግጁ) ካላለ ማክሮ አይጠብቁ። በሴቲንግ የሚስተካከል ነገር ስላልሆነ ፍለጋ ላይ ጊዜዎን አያባክኑ።

ጥያቄ፦ ታዲያ አንዱን ረጅም ስሌት በየፎርሙላው ደጋግሜ ልጻፈው?

መልስ፦ በፍጹም! ለዚህ ማክሮም አያስፈልግዎትም። «ፎርሙላስ» በሚለው ትር ውስጥ ባለው ኔም ማናጀር ለስሌቱ ስም ያውጡለት። ከዚያ ፎርሙላ እየጻፉ ኤፍ3ን ሲጫኑ የስሞቹ ዝርዝር ይወጣል፤ መርጠው ያስገባሉ። ስሌቱ በየጊዜው የተለያየ ግብዓት የሚፈልግ ከሆነ ላምዳ የሚባለው ፈንክሽን አለ፤ ማይክሮሶፍት 365 እና ኤክሴል 2024 ላይ ይገኛል። በላምዳ የጻፉትን ስሌት ስም ሰጥተው እንደማንኛውም ፈንክሽን ይጠሩታል። ብዙ ሰው በማክሮ ሊሠራው የሚደክመውን ነገር ይኸው ይጨርሰዋል፤ ፋይሉን የሚቀበለው ሰውም የማክሮ ማስጠንቀቂያ አያየውም።

በጽሑፍ መሃል የሚሠሩ ሌሎች ቁልፎችም አሉ። ጠቋሚውን የሴል አድራሻ ላይ አድርገው ኤፍ4ን ቢጫኑ የዶላር ምልክቱ በ4 መልክ ይፈራረቃል። የፎርሙላውን አንድ ክፍል መርጠው ኤፍ9ን ሲጫኑ ደግሞ የዚያ ክፍል ውጤት ይታያል። አይተው ሲጨርሱ ግን ኢስኬፕ ይጫኑ፤ ኢንተር ከተጫኑ የመረጡት ክፍል ጠፍቶ ውጤቱ በቦታው ይቀራል።

ጥያቄ፦ ቀድሞ የተጻፉ ብዙ ፎርሙላዎችን በኢፍኤረር (IFERROR፣ ስህተት ሲመጣ በምትኩ ሌላ ነገር በሚያሳየው ፈንክሽን) መጠቅለል እፈልጋለሁ። ማክሮ ይችለዋል?

መልስ፦ ይችላል፤ የማክሮ ትክክለኛ ቦታም ይህ ነው። የተመረጡትን ሴሎች አንድ በአንድ ይዞራል፣ ፎርሙላ የሌለበትንና አስቀድሞ የተጠቀለለውን ያልፋል፣ ከቀሪው ላይ የመጀመሪያውን የእኩል ምልክት አንስቶ በኢፍኤረር የተጠቀለለውን አዲስ ፎርሙላ ይጽፋል። ከማስነሳትዎ በፊት የፋይሉን ቅጂ ያስቀምጡ፤ ማክሮ የለወጠውን በ«አንዱ» (Undo) ትዕዛዝ መመለስ አይቻልም።

ሐሳብዎን ግን እንደገና እንዲያጤኑት እለምናለሁ። ኢፍኤረር ሁሉንም ስህተት ይሸፍናል፤ የተበላሸ አድራሻም የተሳሳተ የፈንክሽን ስምም አብረው ይደበቃሉ። የተጠቀለለው ፎርሙላ ባዶ ወይም ዜሮ እያሳየ ድምሩ ሲሳሳት ማንም አያውቅም። የሚያስቸግርዎ በቪሉካፕ (VLOOKUP፣ ከሠንጠረዥ ፈልጎ በሚያመጣው ፈንክሽን) ተፈልጎ የማይገኝ ነገር ብቻ ከሆነ፣ «አልተገኘም» የሚለውን ስህተት ብቻ የሚሸፍነው ኢፍኤንኤ (IFNA) ይበቃል።

ጥያቄ፦ ማክሮ በሚጻፍበት ቋንቋ በቪቢኤ (VBA) የራሴን ፈንክሽን ሠርቼ ከሴል ስጠራው ውጤቱን ያወጣል፤ ጎረቤት ሴሉን ቀይ አድርግ ያልኩትን ግን አይሠራም።

መልስ፦ ከሴል የተጠራ ፈንክሽን ሥራው ውጤት መመለስ ብቻ ነው፤ ሌላ ሴል መንካት አይፈቀድለትም። ለቀለሙ ኮንዲሽናል ፎርማቲንግ (ሴሉን እንደ ይዘቱ በራሱ የሚያቀልመውን መሣሪያ) ይጠቀሙ። ከዚያ ያለፈ ለውጥ ከፈለጉ ኢንተር ከተጫኑ በኋላ በራሱ የሚነሳ የሺቱ «ቼንጅ» ማክሮ ይጻፉ።

ጥያቄ፦ ፋይሉን ዘግቼ ስከፍተው ማክሮዎቼ ጠፉ።

መልስ፦ በተለመደው የፋይል ዓይነት በኤክስኤልኤስኤክስ (.xlsx) ስላስቀመጡት ነው፤ ይህ ዓይነት ፋይል ማክሮ አይይዝም። በኤክስኤልኤስኤም (.xlsm) ያስቀምጡት።